የዐሥር ሰዓት ሻይ

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ በአዲስ አበባ ሁለት ዐይነት ሻይ ይቀዳል። አንደኛው በታላላቅ ሆቴሎች አዳራሽ፣ ምንጣፍ በተነጠፈበትና ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚነጋገርበት ስፍራ ይቀርባል። ሁለተኛው በመርካቶ፣ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት ጠባብ ሻይ ቤቶች፣ ሰጋጆች ከአሱር ሶላት ሲወጡ፣ ነጋዴና ተሸካሚ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው የሚጠጡት ነው። ስለ ሁለቱ ሻዮች ለመጻፍ የተነሣሁት የወንድሜ ልጅ በተናገረው አንድ ቃል ምክንያት ነው።

ልጁ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ አባቱ ከመስጊዱ ብዙም ሳይርቅ ቅመም ይሸጣል። ባለፈው ዓመት ፈተናው ሲያልቅ ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አንድ ስመ ጥር ሆቴል ሄደ። ማታ ሲመለስም፣ «ዛሬ ገና ሻይ ጠጣሁ» አለ። አባቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ልጆቹን ያሳደገው በቀረፋና በቅርንፉድ ሽያጭ ሲሆን፣ የሰፈሩ ሻይ የሚጣፍጠውም በዚሁ ቅመም ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የልጁ ስሕተት ሆቴል መሄዱ ሳይሆን ምን እንደገዛ አለማወቁ ነው። በባለ ሦስት እርከኑ ሰሐን ላይ ከታች ሳንድዊች፣ ከመካከል በክሬምና በማርማላታ የሚበላ ስኮን የተባለ ትንሽ ዳቦ፣ ከላይ ኬክ ተደርድሮ ቀረበለት። በሂሳቡም ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደመረ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሻይ ቅጠሉ ዋጋ ስንት ይሆናል? እጅግ ጥቂት። ቅጠሉ ከከፋው ውሽውሽ ወይም ከኢሉባቦሩ ጉመሮ እርሻ የመጣ ከሆነማ፣ በአንዋር ሻይ ቤቶች ማንቆርቆሪያ ከሚፈላው በምንም አይለይም። ልጁ የከፈለው ለወንበሩ፣ ለጸጥታውና «ጠጥተህ ከጨረስህ ተነሣ» የሚለው ሰው ባለመኖሩ ነው። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ በመርካቶ ጸጥታ የሚሸጥ ቢሆን ኖሮ እኔም ከገዢዎቹ አንዱ በሆንሁ ነበር። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ ይታረም ቢባል፣ «ዛሬ ገና ተደላድዬ ተቀመጥሁ» መባል ነበረበት።

ልማዱም ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንደሚነገረው፣ በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ በእንግሊዝ አገር የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት የነበረችው አና፣ ምሳው ቀላል ሆኖ እራቱም እየዘገየ ቢያስቸግራት፣ ከሰዓት በኋላ ሻይና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ወደ ክፍሏ ታስመጣ ጀመር። ቆይታም ወዳጆቿን ትጋብዝ ነበር። የነገሩ መነሻ እንግዲህ ረኃብ ነው። የአንዋሩ ተሸካሚ በዐሥር ሰዓት ሻይ በፓስቲ የሚያዘው በሌላ ምክንያት አይደለም።

የሰፈሩን ነገር ዝቅ አድርጎ ማየት ግን የቆየ ሥር አለው። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት የወረራ ዘመን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ መርካቶ ያዛወረው፣ ኢትዮጵያዊውን ከነጩ ሰው ሰፈር ለማራቅ ብሎ ነበር። ሂልተን በ1962፣ ሸራተን በ1990 ዓ.ም. በከተማችን ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ የውጭው አገር የመስተንግዶ ወግ ይበልጥ ተስፋፋ። ዛሬ በብዙ ሆቴሎች መግቢያ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ሲፈላ እናያለን፤ መልካም ነው። ቡናው በክብር ከገባ፣ የቅመም ሻያችን በዚያው በሚያምረው ሸክላና ብር ዕቃ ከሳምቡሳ ጋር የማይቀርብበት ምክንያት አይታየኝም። ይህ ቢደረግ ልጁ በዚያ አዳራሽ የአባቱን ቅመም ሽታ ባወቀ ነበር።

ይህን ሁሉ በወንድሜ ቤት ስናገር የልጁ ታላቅ እኅት አቋረጠችኝ። «አጎቴ፣ እርስዎ የሚያመሰግኑትን ሻይ ቤት እኔ የማውቀው በደጃፉ ሳልፍ ብቻ ነው። ብገባስ የት እቀመጣለሁ?»

መልስ አጣሁ። በሰፈሩ ሻይ የምታፈላው ብዙውን ጊዜ ሴት ናት፤ አግዳሚውን የሚሞላው ግን ወንድ ነው። በለንደን እንኳ ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከፈቱት መጠነኛ ሻይ ቤቶች የተወደዱበት አንዱ ምክንያት፣ ሴቶች ያለ አጃቢ በክብር ሊቀመጡባቸው በመቻላቸው ነበር። የሆቴሉን በር ለድኻው የሚዘጋው ዋጋው ነው፤ የእኛን ሻይ ቤት በር ለልጅቱ የዘጋው ደግሞ ልማዳችን ነው፤ እኔም ይህን ሳላይ ስንት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ብርጭቆው ሁሉ በአንድ ሳፋ ውኃ እንደሚለቀለቅም መካድ አልችልም።

በማግስቱ ወደ ደንበኛዬ ሻይ ቤት ሄጄ ባለቤቱን በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ለቤተሰብ የሚሆን አንድ ጠረጴዛ እንዲያኖር ለመንሁት። «ቦታ የለም» አለኝ። ቦታውስ አለ፤ ባዶ የለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች የተከመሩበት ማዕዘን ነው። እስኪያነሣቸው ድረስ በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቀዋለሁ።