በምድረ በዳ ከኋላ የሚሄደው ማን ነው?

ባለፈው ዕትም ስለ ቤተሰብ በጀት የጀመርነውን ሳንጨርስ ወደ ሌላ ጉዳይ በመዞሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጌታ ቢፈቅድ እመለስበታለሁ። ለዛሬው ጽሑፍ ምክንያት የሆነችኝ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ በር ላይ ያገኘችኝ አንዲት እኅት ናት። «ቤተ ክርስቲያናችን ባለትዳሮችን ሰብስባ ወደ አዋሽ ልትወስደን ነው። በበረሃው ውስጥ የእግር ጉዞም አለበት ይላሉ። ምን ይዤ ልሂድ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ውሃ» ልላት አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ውሃ ስለመያዝ ሰው የምመክር ሴት አይደለሁማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ከሦስት አጥቢያዎች የተውጣጣን 14 ሰዎች ወደ እስራኤል አገር ሄደን ነበር። ሁላችንም የጓጓነው ለኢየሩሳሌምና ለገሊላ ባሕር ነው። በፕሮግራሙ ላይ ግን «የበረሃ የእግር ጉዞ፣ ሁለት ቀን» የሚል ተጽፏል። አንድ ሽማግሌ አባታችን «ይህን ሁሉ ብር ከፍለን ድንጋይ ልናይ ነው? ድንጋይ በአገራችን ሞልቶ የለም እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ምድረ በዳን የተማርኩት በካርታ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንም ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቡናማ ጠመኔ ቀብቼ «እስራኤላውያን በዚህ ሄዱ» እያልኩ አልፌዋለሁ።

አስጎብኚያችን ዕድሜው ወደ 40 የሚጠጋ ቤተ እስራኤላዊ ወንድም ነበር። ከጎንደር ገጠር የወጣው በአራት ዓመቱ ስለሆነ አማርኛው በቤት ውስጥ ብቻ ያደገ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። መጋቢ የሆነውን ባለቤቴንም፣ ሽማግሌውንም እኩል «አንተ ና! አንተ ጠጣ!» ይላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። በሁለተኛው ቀን ግን «ይህ ልጅ እኮ እንደ እናቴ ነው የሚያዘኝ» እያሉ ይስቁ ጀመር።

የመጀመሪያውን ቀን ያሳለፍነው በኔጌቭ ስዴ ቦከር አጠገብ ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ቤን ጉሪዮን ከባለቤታቸው ከፓውላ ጋር የተቀበሩት በዚያ፣ የጺንን ምድረ በዳ ቁልቁል በሚያሳየው አፋፍ ላይ ነው። አስጎብኚው ቅጠሉ ብዙም የማይታይ፣ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ የቆመ አንድ ቁጥቋጦ አሳየን። በዕብራይስጥ «ሮቴም» ይባላል። ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከሥሩ የተኛው ይህ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ክትክታ» ይለዋል፤ በአገራችን ክትክታ የምንለው ግን ሌላ ተክል ነው። ተርጓሚዎቹን አልወቅስም፤ ለማያውቁት ቁጥቋጦ የሚያውቁትን ስም ሰጡት። ከሥሩ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጥላው ወንፊት ነው፤ ግማሹ ፀሐይ በላዬ ላይ ቀረ። ሰው በዚህ ጥላ ረክቶ እንቅልፍ የሚወስደው ምን ያህል ቢደክም ነው? ስለ ኤልያስ ተስፋ መቁረጥ ስናስተምር ወዲያው ወደ መንፈሳዊው ምክንያት እንሮጣለን። የመጣለት መልአክ ግን ምንም ሳይመክረው ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንዲበላ አደረገው፣ ውሃም በአጠገቡ ነበረ፤ በመካከሉም ተኛ። ይህንን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በማግስቱ ግን አልሠራሁበትም።

በማግስቱ ወደ ዓይንጋዲ ወረድን። መውረድ ስል የእውነት መውረድ ነው፤ የጨው ባሕር ዳርቻ ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ በምድር ላይ ካለው የብስ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። የባሕሩ ውሃ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ እየቀነሰ ስለሆነ በዳርቻው መሬቱ በድንገት እየሰመጠ ጉድጓድ ይከፈታል፤ የዓይንጋዲ መዋኛ ዳርቻም በዚሁ ምክንያት በ2007 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከባሕሩ ፊታችሁን ወደ ተራራው ስትመልሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዓይንጋዲ ማለት «የፍየል ግልገል ምንጭ» ማለት ነው። በይሁዳ ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ በዓለቱ ውስጥ ሰርጎ ሰርጎ እዚህ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ አንድ ሣር በሌለበት ገደል መካከል ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይወርዳል። የኛ ዋልያ ዘመድ የሆነው የኑቢያ ዋልያ ከነግልገሉ በገደሉ ላይ ይዘላል። ሽኮኮዎቹ ሰውን አይፈሩም፤ ዓለት ላይ ተዘርግተው ያዩናል። ግራሩም፣ ቁርቁራውም፣ ጦቢያውም አለ። ጦቢያውን ሳየው የመተሐራ መንገድ ላይ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ጠዋት አውቶቡሱ አጠገብ አስጎብኚው ለእያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ሊትር ውሃ ቆጥሮ ሰጠን። ኮፍያ የሌለው ሰው ከአውቶቡሱ እንዳይወርድ ከለከለ። መንገዱ በድንጋዮች ላይ በተቀባ ምልክት ይታወቃል፦ ነጭ መስመር፣ በመካከሉ አንድ ቀለም፣ እንደገና ነጭ። ከዚያ ምልክት ውጭ እግር ማንሣት የለም።

እኅቶች፣ የሚቀጥለውን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ውሃውን ተሸከምኩ እንጂ አልጠጣሁትም። ለምን ብትሉኝ፣ መጸዳጃ ቤቱ መግቢያው ላይ ቀርቷል፤ ከፊታችን ደግሞ የሰዓታት መንገድ አለ። የመጋቢ ሚስት ድንጋይ ጀርባ ልትሄድ ነው? ከልጅነታችን ጀምሮ ለአውቶቡስ ጉዞ እንኳ ከዋዜማው ውሃ ማቆም የለመድን ነን። የሚያስቀው ግን፣ በ1ኛ ሳሙኤል 24 ንጉሥ ሳኦል ወገቡን ሊሞክር ወደ ዋሻ የገባው በዚሁ በዓይንጋዲ ምድረ በዳ ነው! ንጉሥ ያላፈረበትን እኔ አፈርኩበት።

ባለቤቴ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከአስጎብኚው ጋር ከሁሉ ፊት ይሄዳል፤ የሚቀጥለው እሑድ ስብከት ከወዲሁ እየተጻፈ ነው። እኔ ከሁለት እናቶች ጋር ከኋላ ነኝ። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ በባለቤቴ ጀርባ ላይ ተናደድኩ። መነጫነጭም የድርቀት ምልክት ሊሆን እንደሚችል የተነገረኝ በኋላ ነው። ላብ ስላላየሁ ያን ያህል ሙቀት የለም ብዬ ነበር፤ ለካ በዚያ ደረቅ አየር ላብ ሳይታይ ይተናል። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ላይ ሙሽራዪቱ ውዷን በዓይንጋዲ የወይን ቦታ ከሚገኝ አበባ ጋር ታመሳስለዋለች። ይህን ቃል ፏፏቴው ስንደርስ ለባለቤቴ ላነብለት ምልክት አድርጌበት ነበር። ፏፏቴው ሳንደርስ ዓለት ተደግፌ አስመለሰኝ።

አስጎብኚው ሮጦ መጣ። ግራር ጥላ ሥር አስተኝቶ እግሬን ከፍ አደረገ፣ ነጠላዬን ውሃ ነክሮ አንገቴና ራሴ ላይ ጣለ፣ ስኳርና ጨው ጠብ ያደረገበትን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አስጎነጨኝ። በአንድ ጊዜ አትጋቺ አለኝ። ከዚያም በሰው ሁሉ ፊት «ሽንት መቼ ሸናሽ? ቀለሙስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ መሬት መሬት አየ። ወዲያው ወደ እርሱ ዞረና «ሚስትህ ስንት ጠጣች?» አለው።

«አላውቅም» አለ ባለቤቴ።

«ከኋላ ማን ነበር?»

መልስ አልነበረም። አስጎብኚው ግን እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ሥራ ነገር አስረዳን። በእነርሱ የእግር ጉዞ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ መሪው፣ ሁለተኛው «መአሴፍ» ነው፤ ሰብሳቢ ማለት ነው። ከሁሉ ኋላ ይሄዳል፣ ማንም ከእርሱ ኋላ አይቀርም። ቃሉን ስሰማ በዚያ ድካሜ ውስጥ እንኳ ደነገጥኩ። በዘኍልቁ 10 ላይ የዳን ነገድ ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ ሲጓዝ ዕብራይስጡ የሚጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው! አማሌቅም የመታው ደክመው ከኋላ የቀሩትን ነበር (ዘዳግም 25)። ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

ጥላ ሥር ተኝቼ ሳለሁ ስለ ራሱ ጥቂት ነገረን። ቤተሰቡ ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግር የተጓዘው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 ከሚጠጉ ወገኖቻቸው ጋር በአውሮፕላን ወጡ። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል፤ ታናሽ እኅቱ አንዷ ናት። እናቱ ልጃቸው ሰዎችን በረሃ እያዞረ ገንዘብ እንደሚያገኝ ዛሬም ሊገባቸው አልቻለም። «ሰው ደስ ይለኛል ብሎ በረሃ ይገባል?» ይሉታል አለን። አንዳችንም አልመለስንለትም።

ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስን። አስጎብኚው አንድ ስለሆነ ሁላችንም፤ በእኔ ምክንያት አንድም ሰው ፏፏቴውን አላየም። ማፈሬን ያዩት ሽማግሌ «ግድ የለም ልጄ፣ ፏፏቴ በአገራችን ሞልቶ የለም እንዴ?» አሉኝ። ስንመለስ ሰልፉ ተለወጠ፤ እኔ ከፊት፣ ባለቤቴ ከኋላ። በትዳር በኖርንባቸው 19 ዓመታት ባለቤቴ ከኋላዬ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጥቂት እንደሄድን ድምፁን ሰማሁ።

«ቀኝ ጉልበትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«ታነክሻለሽ እኮ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

ከዚያ በኋላ እስከ መግቢያው ድረስ የሰማሁት ኮቴውን ብቻ ነው።

ማታ በእንግዳ ማረፊያው ተነጋገርን። መነጋገር ብቻ አልነበረም፤ ጸጥ ባለ ድምፅ ተጣላን ብል ይሻላል፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ በአጠገባችን ያሉት ደግሞ ምዕመናኖቻችን ናቸው። የሌላውን ሰው ሚስት እንባ ሰዓት ሰጥቶ ያዳምጣል፣ የእኔን ግን በሁለት ስልክ መካከል ነው የሚሰማው አልኩት። እርሱም «አንቺን በጠየቅሁሽ ቁጥር ‹ደህና ነኝ› ነው የምትይኝ። እኔ ነቢይ አይደለሁም» አለኝ። ይህ ቃል ወጋኝ፣ ምክንያቱም እውነት ነበር። ጉልበቴን የደበቅኩት እርሱን ላለማስጨነቅ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ፤ ግን አንድ ቀን ራሱ አይቶ እንዲያፍር መጠበቄም ነበረበት። ያን ሌሊት የጸለይነው ጸሎት አጭር ነበር። አዲስ አበባ እንደተመለስን በመጀመሪያው ሳምንት ሐኪም ቤት አብሮኝ ሄደ፤ ስልኩንም ቤት ትቶት ነበር።

አሁን ወደ አዋሽ የምትሄጂው እኅቴ ጋ ልመለስ። በፓርኩ ውስጥ በእግር ስትሄዱ ከስካውቱ አትለዩ፤ ሳላውን ለማየት ብላችሁ ወደ ቁጥቋጦው አትግቡ፣ አንበሳም አዞም ያለበት አገር ነው። ማልዳችሁ ውጡ፣ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ሁኑ። ሦስት ሊትር ውሃ ያዢ፣ ደግሞም ጠጪው! ለመጸዳጃው ነገር ሁለት እኅቶች ነጠላ ይዘው ይከልሉሻል፤ ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው ሰው ካለ ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት፤ ንግግሩ ከተዘባረቀ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ነው። ሌላው ደግሞ ደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ ምንጣፍ አታንጥፉ። ሰማዩ በእናንተ ላይ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ ተራራ ላይ የዘነበው ሊደርስባችሁ ይችላል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ከጨው ባሕር በስተ ደቡብ በጻፊት ሸለቆ በእግር ጉዞ ላይ የነበሩ አሥር ወጣቶች በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ጎርፍ ሞተዋል። ባለቤትሽ የት እንደሚሄድ ደግሞ እናንተው ተነጋገሩ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልጨርስ ነበር። የዚያን ቀን አውቶቡሳችን ወደ ኢየሩሳሌም ሽቅብ ሲወጣ የአስጎብኚው ስልክ ጮኸ። አንሥቶ ጥቂት አዳመጠና ወደ እኛ ዞሮ ፈገግ አለ። «እናቴ ናት» አለን። «ከበረሃ ስወጣ ሁልጊዜ ትደውላለች። ስንት ገባችሁ፣ ስንት ወጣችሁ ነው የምትለኝ።» ከዚያም ስልኩን ወደ ጆሮው መልሶ «አሥራ አራት፣ እማዬ። አሥራ አራቱም አሉ» አላቸው።

ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እንደገና ቆጠረን።