የሕዝብ ማስታወቂያ በክፍት ድረ ገጽ ይውጣ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቅጥር፣ የጨረታ ወይም የፈተና ማስታወቂያውን በፌስቡክና በቴሌግራም ብቻ ሲያወጣ ለምደነው ማለፋችን ያሳስበኛል። የሕዝብ መረጃ መቀመጥ ያለበት ማንም ሰው አካውንት ሳይከፍት ሊያነበው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ነው።

ድር ዓለምን ያዳረሰው ባለቤት ስላልተበጀለት ነው። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል የድርን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ጎፈር የተባለ ተመሳሳይ የመረጃ ማሰሻ ሥርዓት ብርቱ ተፎካካሪ ሆኖበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ከአንዳንድ የጎፈር ተጠቃሚዎች ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። ሰርን ግን በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 የድርን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ለሁሉም ለቀቀ። ጎፈር እየተረሳ ሄደ፤ ድር ግን ይኸው ዛሬም አለ።

የድር መግባቢያ የሆነው ኤችቲቲፒም ማንም አንብቦ ሊሠራበት የሚችል ሰነድ ነው። ብሮውዘሩ አንድን ገጽ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ካለው 200 ብሎ ይልካል፣ ካጣው 404 ብሎ ይመልሳል። ደንቡ ለሁሉም አንድ ስለሆነ የማንም ኩባንያ ስልክ ከማንም ሰርቨር ጋር ይግባባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤችቲቲፒ 3 ደግሞ በመንገድ የጠፋ አንድ የዳታ ጥቅል የሌሎቹን ፋይሎች ጉዞ እንዳያግድ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ሰው እፎይታ ነው።

ፌስቡክና ቴሌግራምም በዚሁ ኢንተርኔት ላይ ይሠራሉ፤ በውስጣቸው የሚያዘው ግን ባለቤታቸው ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ለጥገና የተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ፌስቡክን ከቀሪው ኢንተርኔት ስለቆረጠው፣ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ሌሎች ድረ ገጾች ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ተገድበው ነበር። ማስታወቂያውን እዚያ ብቻ ያኖረ መሥሪያ ቤት በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ይቆራረጣል።

በደህናው ቀንም ቢሆን ችግሩ አይቀርም። የዛሬ ዓመት የወጣ መመሪያ በሺህ ልጥፎች ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶ ሲለጠፍ ደግሞ ቃላቱን በፍለጋ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስልኩ ጽሑፍ እንዲያነብለት የሚፈልግ ዓይነ ስውርም ይቸገራል። በጽሑፍ የተዘጋጀ ገጽ ግን ጥቂት ዳታ ብቻ ይፈጃል፣ በጎግልም ይገኛል፣ ጅዳም ዋሽንግተንም ያለ ዜጋ ይከፍተዋል።

«ሕዝቡ ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው» የሚሉ እውነት አላቸው። ስለዚህ ማስታወቂያው መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይውጣ፤ ሊንኩ ከዚያ በኋላ በየቻናሉ ይሰራጭ። የግንኙነቱን ምስጢር የሚጠብቀውን የኤችቲቲፒኤስ የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ ወጪ ማመካኛ ሊሆን አይገባም።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ድረ ገጻችሁን ዛሬ ከፍታችሁ እዩት። የመጨረሻው ማስታወቂያ የዓመታት ዕድሜ ካለው አድሱት፤ የዜጋው መረጃ የማግኘት መብት በሌላ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።