ከሰው በፊት ፎስፌት የሚሳፈርበት ባቡር

በባሕር ዳርቻ ቤት ይዞ፣ ጠዋት በፈጣን ባቡር ዋና ከተማ ሥራ ገብቶ፣ ማታ ተመልሶ ነፋሻ አየር እየሳቡ ራት መብላት ብዙ ሰው የሚመኘው ኑሮ ነው። ይህን ምኞት ለመመዘን ዮርዳኖስ ትመቻለች። አገሪቱ ወደ ባሕር የምትወጣው በአንድ በር ብቻ ሲሆን፣ የዚያም ዳርቻ ርዝመት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሩ አቃባ ነው፤ ከአማን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በበረሃው አውራ ጎዳና አውቶቡስ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ባቡር ቢኖር ግን ጉዞው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቅ ነበር። አማናውያን ቀረብ ያለ ውኃ ካሻቸው ሙት ባሕር አላቸው፤ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን እሱ ከባሕር ጠለል በታች ከ400 ሜትር በላይ የወረደ፣ ዓሣ የማይኖርበት፣ በየዓመቱም አንድ ሜትር ያህል እየጎደለ የሚሄድ ውኃ ነው። ዳርቻው ራሱ ከነዋሪው ይሸሻል።

ወደ አቃባው ሕልም እንመለስና ሒሳቡን እንሥራ። በወር 22 ቀን የሚመላለስ ሠራተኛ 14,520 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሁለት ቂርሽ (ሁለት የዲናር መቶኛ) ብቻ ይክፈል እንበል። ይህ ለአንድ ጉዞ ሰባት ዲናር እንኳ አይሞላም፤ ለፈጣን ባቡር ደግሞ ከምጽዋት የማይሻል ዋጋ ነው። የወሩ ወጪ 290 ዲናር ይመጣል። ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ የዮርዳኖስ ዝቅተኛ የወር ደመወዝም ልክ 290 ዲናር ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ደመወዙ ተከፍሎ ሲያበቃ ባቡሩ ይወስደዋል፤ ለዳቦ የሚተርፍ ሳንቲም የለም።

ታዲያ ይህ ኑሮ የሚሠራበት አገር እንዴት ሠራ? ጃፓን ውስጥ እንደ አታሚ ካሉ የባሕር ዳር ከተሞች በሺንካንሰን ቶኪዮ የሚመላለሱ ሠራተኞች አሉ። የብዙዎቹን ቲኬት ግን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ መንግሥትም በወር እስከ 150,000 የን የሚደርሰውን የመጓጓዣ አበል ከግብር ነጻ አድርጎታል። በእንግሊዝም ከ2009 መጨረሻ ወዲህ ፎክስቶን ከምትባለው የወደብ ከተማ ለንደን ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የቲኬቱን ዋጋ የሚችለው ግን የለንደን ደመወዝ ነው። ባቡሩ ያለ ከፋይ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ መካን፣ ጅዳንና መዲናን የሚያገናኘው 450 ኪሎ ሜትር የሐረመይን ፈጣን ባቡር በ2018 ሥራ ሲጀምር፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ለሚገኘው የንጉሥ አብደላ የኢኮኖሚ ከተማ የራሱ ጣቢያ ተሠርቶለት ነበር። ከተማው በ2005 ሲታወጅ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል ተብሎ ነበር። ባሕሩም ባቡሩም አሉ፤ የተባለው ሕዝብ ግን አልመጣም።

የሚያስቀናው ሌላ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ወደ መዲና የሚወስደው ሐዲድ የሚያልፈው በአማን በኩል ነበር። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ በ1900 ያስጀመሩት የሂጃዝ ባቡር ከደማስቆ ተነሥቶ በ1903 ገደማ አማን፣ በ1908 ደግሞ መዲና ደረሰ። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ከማዓን ከተማ በስተደቡብ ያለው ሐዲድ ፈንጂ ሲቀበርበት ከርሞ በመጨረሻ ባድማ ሆነ። ዛሬ መዲና ፈጣን ባቡር አላት። በአማን ማሐጣ ሰፈር ያለው አሮጌ ጣቢያ ደግሞ ሙዚየምና የሽርሽር መነሻ ሆኖ ቀርቷል፤ በእረፍት ቀን ቤተሰብ ይጭናል፣ በሥራ ቀን ሠራተኛ አይጭንም።

ሐዲዱ ከአማን በፊት የሚያልፍባት ዛርቃ ናት። ቼቼኖች በ1902 የቆረቆሯት ይህች ሠፈራ በ2015ቱ ቆጠራ ከነአውራጃዋ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። የታላቋ አማን እውነተኛ የጠዋትና የማታ ምልልስም ያለው እዚህ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነች መንገድ ላይ ነው። በአማን ቤት ተከራይቶ መኖር የከበደው ዛርቃ ያድራል፣ አማን ይውላል።

ለዚህች አጭር መንገድ የተገባውን ቃል የሰማ ይስቃል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ አማንና ዛርቃን በቀላል ባቡር ለማገናኘት ታስቦ ጨረታ ወጣ፣ ኩባንያ ተመረጠ፣ ውል ፈረሰ፣ እንደገና ጨረታ ወጣ። በመጨረሻ ባቡሩ ቀርቶ በራሱ መስመር የሚሄድ ፈጣን አውቶቡስ ተተካ። የአማኑ ፈጣን አውቶቡስ ራሱ በ2010 ቁፋሮው ተጀምሮ በዓመቱ ተቋረጠ፤ አገልግሎት የጀመረው በ2021 ነው። የዛርቃው መስመር በግንቦት 2024 ተከተለ። መንገዱ የሚያልፍበት ዓይን ጋዛል በ1970ዎቹ አውራ ጎዳናው ሲቆፈር ከ9,000 ዓመት በፊት የነበረ መንደር የተገኘበት ስፍራ ነው። ከመንደሩ የወጡት የኖራ ሐውልቶች ዓይናቸውን አፍጥጠው ያያሉ። አውቶቡሱን የሚጠብቁ ይመስላሉ ቢባል የዛርቃ ሰው አይቆጣም።

አውቶቡሱ መዘግየቱ እንጂ መምጣቱ አያስወቅስም። እንዲያውም ትልቁ ለውጥ ፍጥነቱ ሳይሆን ሰዓት መጠበቁ ነው። አሮጌው ሚኒባስ የሚንቀሳቀሰው ሲሞላ ነው፤ ሰርቪስ የሚሏት በጋራ የምትያዝ ታክሲም እንደዚሁ። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አስረጅ አያስፈልገውም። ታክሲው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ የማያውቅ ሠራተኛ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወጣል። ያ አንድ ሰዓት በየትኛውም የመንገድ ጥናት ላይ አይመዘገብም፤ የሚከፈለው ግን ከእንቅልፉና ከልጆቹ ጊዜ ላይ ነው። ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ሰዳቃ የተባለው የዮርዳኖስ የሴት ሠራተኞች መብት ንቅናቄ በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በመጓጓዣ ችግር የተነሣ ሥራ አልፈልግም ብለው ያውቃሉ። በአገሪቱ ሥራ ላይ ያለች ወይም ሥራ የምትፈልግ ሴት ከሰባት አንዷ ገደማ መሆኗን ሲያስቡት፣ የአውቶቡስ መርሐ ግብር የቤተሰብ ገቢ ጉዳይ ነው።

በአማን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ከዚህ ሁሉ ምልልስ ውጭ ናቸው፤ የሚያድሩት የሚሠሩበት ቤት ውስጥ ነውና። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በ2008 በሠራተኛ ሕጓ ውስጥ አስገብታ፣ በ2009 ደንብ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ፈቅዳለች። ደንቡ ግን ወረቀት ላይ የሚቀርባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ከበር ለመውጣት የእመቤቲቱ ፈቃድ ያሻቸዋል። የእረፍት ቀን አግኝታ የምትወጣዋ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት መመለስ አለባት። ስለዚህ በሰዓቱ የሚመጣ፣ ዋጋው የታወቀ አውቶቡስ ለእሷ ከአቃባ ባቡር ይበልጣል።

አዲስ አበባም በዚህ አማንን ለመዝለፍ አፍ የላትም። የጅቡቲው ባቡር ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራል፤ ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ ድርብ ነው፣ ኤሌክትሪክም አለው። አዳማ አድሮ አዲስ አበባ የሚውለው ሠራተኛ ግን በፈጣኑ የመኪና መንገድ ላይ በአውቶቡስና በሚኒባስ ይጋፋል። የድሮው ባቡር መሐል ከተማ ለገሃር ድረስ ይገባ ነበር፤ የአሁኑ ለቡ ላይ ያወርዳል። ከለቡ ቢሮው ድረስ ለመሄድ የሚጠፋው ጊዜ በሐዲዱ ላይ የተቆጠበውን ይበላዋል።

ዮርዳኖስ አዲስ ሐዲድ ሳትዘረጋ አትቀርም። በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር 2.3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ 360 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር መስመር ስምምነት ተፈራርማለች። መስመሩ የአቃባን ወደብ ከሺዲያና ከጎር ሳፊ ማዕድን ማውጫዎች ጋር ያገናኛል፤ በዓመት 16 ሚሊዮን ቶን ፎስፌትና ፖታሽ እንዲያጓጉዝ ታስቧል። አገሪቱ ከዚህ ገቢ ታገኛለች፤ ሥራውም ተገቢ ነው። ከባሕሩ የሚወጣው አዲስ ሐዲድ ግን አማን አይደርስም፤ ሰው እንዲጭንም አይደለም የታሰበው።

መንግሥት ከአማን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በበረሃው ጫፍ አዲስ ከተማ ለመገንባት ማቀዱንም አስታውቋል። የሕንፃዎቹ ሥዕል የተዋበ ነው። ዛርቃ ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን ያስታወሰ ሰው ግን ከሥዕሉ በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ነዋሪ የቤቱን ቁልፍ በሚረከብበት ቀን ወደ አማን የሚወስደው የጠዋት አውቶቡስ በስንት ሰዓት ይነሣል? ማታስ የመጨረሻው በስንት ሰዓት ይመለሳል? ዋጋውስ ከ290 ዲናር ላይ ስንቱን ይወስዳል?