ማርካው ዝናብ አይመልስም



ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ለሱብሒ ሶላት ከቤት ስወጣ ቢሾፍቱ ላይ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። የለበስኩት ከአንድ ወር በፊት በ4,500 ብር የገዛሁትን ጃኬት ነው። ደረቱ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት የውጭ ማርካ በትልቁ ተጽፎበታል። ሻጩ «ወላሂ ኦርጅናል ነው፣ ጠብታ አያስገባም» ብሎ ምሎልኛል። ከቤቴ እስከ መስጂዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ደርሼ ሳወልቀው ሸሚዜ ከትከሻዬ እስከ ደረቴ ርሷል።

አጠገቤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ወንድማችን ቆሟል። የለበሰው ከሰልባጅ ያገኘውን፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ማርካው እንኳ የተገነጠለ ጃኬት ነው። ሁኔታዬን አይቶ ሳቅ አለና እጄን ይዞ ወደ ጃኬቱ ውስጥ አስገባው። ደረቅ ነው! ሰውየው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበር።

ከኋላችን ሶፍ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ደረሳ ነበር። የእሱን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ያን ቀን ከሶላት በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። 4,500 ብር የከፈልኩት ለምንድን ነው? ለዝናቡ ነው ወይስ ለሚያየኝ ሰው? እውነቱን ለመናገር ለሚያየኝ ሰው ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ክረምቱ ከመምጣቱ በፊት ሌላው ወንድሜ ወይም እህቴ እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይሳሳቱ ነው።

ችግሩ ማማሩ አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጥሩ ልብስ መልበስ ነውር አይደለም። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ቢያምር እንደሚወድ ሲናገር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነግረውታል። ኩራት ማለት እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ እንደሆነም አስረድተዋል። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ‐ን‐ነሕል ከቆጠራቸው ጸጋዎቹ መካከልም ከሙቀት የሚጠብቁን ልብሶች ይገኛሉ። ስለዚህ ከብርድና ከዝናብ የሚጠብቅ ጃኬት መፈለግ ጸጋን መፈለግ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ለዝና ብሎ የሚለብስን ሰው አላህ የውርደት ልብስ እንደሚያለብሰው አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲሥ ተነግሮናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው አይደለም። ልብሱ የተገዛበት ምክንያት ነው። ሥራውን የሚሠራ ውድ ጃኬት ኢስራፍ ላይሆን ይችላል። ሥራውን የማይሠራ፣ ማርካው ብቻ የሚታይ ጃኬት ግን በርካሽ ቢገዛም ብክነት ነው።

ዛሬ ከተማችን ውስጥ የሚያሳዝነኝ ወጣቱ ተበድሮ ማርካ መልበሱ ነው። ባጃጅ በቀን ገቢ የሚነዳ ልጅ የሁለት ሳምንት ገቢውን በአንድ የደረት ጽሑፍ ላይ ያፈሳል። ጽሑፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሸት ነው።

የቢሾፍቱ ብርድ ምን ዓይነት ነው?

ጃኬት ከመግዛት በፊት አገርን ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በረዶ የሚወርድባት አውሮፓ አይደለችም፤ እንደ መተሐራም ሙቅ አይደለችም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊትና ንጋቱ ይቀዘቅዛል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። በክረምት ጠዋት በደመና፣ ከሰዓት በዝናብ ያልፋል። በሆራና በባቦጋያ በኩል የሚያልፍ ሰው ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ ያውቀዋል።

ለእንዲህ ያለ አየር ያ ፍራሽ የሚመስል፣ ለበረዶ አገር የተሠራ ወፍራም ጃኬት ትርፉ ሸክም ነው። ጠዋት ለብሰነው ዱከም ወይም ቃሊቲ ሥራ እንገባለን፤ ስድስት ሰዓት ላይ በእጃችን ይዘነው እንዞራለን። ከዚያ ይልቅ ከላይ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ስስ ጃኬት፣ ከሥር ደግሞ ሹራብ ይሻላል። ሲሞቅ ሹራቡ ይወልቃል፤ ሲዘንብ ስሱ ይለበሳል። አባቶቻችን ከጋቢ በላይ ካፖርት ሲደርቡ ይህንኑ ማድረጋቸው ነበር።

ዝናብ የሚመልሰው ምንድን ነው?

ሦስት ዓይነት ጃኬት አለ። የመጀመሪያው ነፋስ ብቻ የሚከለክል ነው፤ ካፊያን ትንሽ ይችላል፣ ከዚያ ያስገባል። ሁለተኛው የፕላስቲክ ወይም የጎማ የዝናብ ልብስ ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ላብም አያስወጣም። ዳገት የሚወጣ ሰው ውስጡ በራሱ ላብ ይርሳል። ሦስተኛው ከጨርቁ ሥር በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ያለው ነው። ቀዳዳዎቹ ለውሃ ጠብታ የጠበቡ፣ ለላብ እንፋሎት ግን የሚበቁ ናቸው። ከእነዚህ ታዋቂው ጎርቴክስ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎር በ1969 እ.ኤ.አ. ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ አሙቆ በአንድ ጊዜ በኃይል ሲስበው ተለጥጦ እነዚህን ጥቃቅን ቀዳዳዎች አበጀ። ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ዓይነት ይሠራሉ።

ስለዚህ ገበያ ስትሄዱ ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ተዉትና ጃኬቱን ገልብጡት። መልሱ ያለው በውስጡ ነው።

አንደኛ፣ ስፌቱን እዩ። መርፌ ባለፈበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። እውነተኛ የዝናብ ጃኬት ከውስጥ በኩል በስፌቱ ላይ ሁሉ ስስ ፕላስተር የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ይህ ከሌለ ጨርቁ ምንም ቢሆን ትከሻችሁ ይርሳል። የእኔ ጃኬት የወደቀው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የውስጡን ሽፋን በጣታችሁ እሹት። ያረጀ ሽፋን ይጣበቃል ወይም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ከውጭ አዲስ የሚመስል ሰልባጅ ብዙ ጊዜ ከውስጥ አልቋል። አንዴ መርገፍ ከጀመረ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ሦስተኛ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ እጅጌው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉ። እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ከወረደ የላዩ ቅብ ደህና ነው። ከተመጠጠ ግን ገና አትጣሉት፤ ሽፋኑና ስፌቱ ደህና ከሆኑ ቅቡ ሊታደስ ይችላል።

አራተኛ፣ መለያው ላይ 5,000 ወይም 10,000 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር ካለ፣ ጨርቁ ውሃ ሳያስገባ የሚችለው የውሃ ዓምድ ከፍታ ነው። ለእኛ ክረምት 10,000 ከበቂ በላይ ነው። 20,000 የሚለውን ለተራራ ወጪዎች ተዉላቸው።

ለሰጋጅ ሰው የሚሆን ጃኬት

እኛ በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ የምናደርግና የምንሰግድ ሰዎች ነን። ለእኛ የሚሆን ጃኬት ሌላ መስፈርትም አለው።

እጅጌውን ፈትሹ። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) እንደተረኩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተቡክ ጉዞ ላይ እጅጌው የጠበበ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። ዉዱእ ሲያደርጉ እጅጌው አልሰበሰብ ሲላቸው እጃቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው አጠቡ። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲሥ ብዙ ትምህርት ወስደዋል። አንዱ ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች የሠሩትን ልብስ መልበስ እንደሚቻል ነው። ለጃኬት ገዢ ደግሞ ግልጽ ምክር አለበት፤ እጅጌው እስከ ክርን የማይሰበሰብ ከሆነ ቢያንስ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። አንጓው ላይ ላስቲክ ብቻ ካለው እየተጣበቀ የሚላቀቅ ማሰሪያ ያለው ይሻላል።

ርዝመቱን ፈትሹ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ብቻ አትለኩት፤ ጎንበስ በሉ። አጭር ጃኬት ሩኩዕና ሱጁድ ላይ ሽቅብ ይሸሻል፤ ከኋላ የሚሰግደው ሰው ማየት የሌለበትን ያያል። ዐውራን መሸፈን የሶላት መስፈርት መሆኑን አንርሳ።

ጀርባውን ፈትሹ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለበት ኩታ ለብሰው ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው፣ ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስና በምትኩ ጥለት የሌለው እንዲመጣላቸው ማዘዛቸውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች። ከጀርባው ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሰን ፊተኛው ሶፍ ላይ ስንቆም፣ ከኋላችን ያለው ወንድማችን ፋቲሓን እያዳመጠ እኛን እያነበበ ነው።

በላባ የተሞላ ጃኬት የምትገዙ ደግሞ ሁለት ነገር እወቁ። ላባ ሲርስ ሙቀቱን ያጣል፤ ለክረምታችን ሰው ሠራሹ ሙሌት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን የቀራንበት የሻፊዒይ መዝሀብ በሸሪዓ ያልታረደን እንስሳ ላባ ነጃሳ አድርጎ ሲያይ፣ ከሌሎቹ መዝሀቦች ብዙ ዑለማዎች ንጹሕ ነው ይላሉ። ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ጠባብ ጃኬት በጂልባብ ላይ መደረብ ሌላ ችግር አለው፤ ጂልባቡ ሊሸፍን የመጣውን መልሶ ቅርጽ ያወጣዋል። ሰፋና ረዘም ያለ፣ ኮፍያው ሒጃብን የሚችል ምረጡ። ጎሕ ሳይቀድ ወደ ፋብሪካ የምትወጡ ደግሞ በመኪና መብራት የሚያንጸባርቅ መስመር ያለበትን ፈልጉ። ጥቁር በጥቁር ለብሶ አስፋልት መሻገር አደጋ ነው።

ለነጋዴ ወንድሞቻችን

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ወንድሜ ነጋዴ፣ ኮፒውን «ኮፒ ነው» ብለህ ሽጥ። ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አውቆም ይገዛል። «ወላሂ ኦርጅናል» የምትለውን ግን ዝናቡ ነገ ያጋልጠዋል። ከዝናቡ በኋላም ሌላ ቀን አለ።

ስለ ሰልባጅ የሚጠይቅ አይጠፋም። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። የሚገባው በኮንትሮባንድ እንደሆነም የታወቀ ነው። ፈትዋ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። ሆኖም ደሃውን ከመውቀሳችን በፊት አንድ ነገር እንይ። እዚሁ አቅራቢያችን አዳማ፣ ወዲያም ሐዋሳ፣ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች አሉ። የእህቶቻችን እጅ ለሌላው ዓለም ይሰፋል፤ እኛ ደግሞ ሌላው ዓለም ለብሶ የጣለውን በድንበር አሾልከን እንገዛለን። በቤታችን ዋጋ፣ ለክረምታችን የሚሆን፣ ስፌቱ የታሸገ አንድ ጃኬት ሠርቶ የሚያቀርብ ሙስሊም ባለሀብት ቢነሳ ትርፍም አጅርም ያገኝ ነበር።

ያላችሁንም ጠብቁት። የዝናብ ጃኬት በበረኪና አይታጠብ፤ የልብስ ማለስለሻም አይንካው። በጥቂት ሳሙና አጥባችሁ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። የውስጡ መለያ ካውያ የሚፈቅድ ከሆነ ከደረቀ በኋላ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ስስ ጨርቅ ከላይ አድርጋችሁ ተኩሱት። ውሃ የሚያንከባልለው ቅብ ብዙ ጊዜ በሙቀት ይመለሳል።

ያ ደረሳ

አሁን ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቁርኣን ሊቀራ ከገጠር የመጣ ነው። የለበሰው ቀጭን ሸሚዝ ነበር፤ ያም ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። ሱጁድ ላይ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። ኢማሙ እየቀሩ እኔ የምሰማው እሱን ነበር።

እኔ ቤት ውስጥ ስንት ጃኬት እንዳለኝ ቆጠርኩ። አራት ነው። ሁለቱን ከዓመት በላይ አልለበስኳቸውም። በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ አንዱን ወሰድኩለት፤ ግን ሰፋበት። እናቱ አጠገቡ ብትሆን ታጠብለት ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሰፊ እህታችን አጠረችለት።

ለዚህ ነው ክረምቱ ሳይመጣ ይህን ሐሳብ የማቀርበው። በየመስጂዳችን ያለው የወጣቶች ጀመዓ በግንቦት ወር አንድ ጁሙዓ ይምረጥ። ሁላችንም የማንለብሰውን ጃኬት አጥበን እናምጣ። ዚፑ የተበላሸውን ሰፊዎቻችን ይጠግኑት። ከዚያ ለደረሶች፣ ለመስጂድ ዘበኞች፣ ሌሊት ለሚሠሩ ወንድሞቻችን ይሰጥ። አላህ (ሱ.ወ) ከምንወደው ነገር እስካልሰጠን ድረስ በጎነትን እንደማናገኝ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ነግሮናልና፣ የተቀደደውን ሳይሆን እኛ ዝናብ ላይ ልንለብሰው የምንችለውን እንስጥ።

በሚቀጥለው ጊዜ ደረቱ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ያለው ጃኬት ሲያምራችሁ ገልብጡት፣ ስፌቱን እዩት፣ ጎንበስ ብላችሁ ለኩት። ከዚያ ለማርካው ብቻ የሚከፈለውን ልዩነት አስሉት። ያ ልዩነት አንድ ልጅን ያለብሳል።

አላህ ክረምቱን የረሕመት ያድርግልን። የታረዘን ከሚያለብሱት ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።