እንባ ማስረጃ ነውን?

ተከሳሹ ዓይኑን ሰበር ካደረገ «የሚደብቀው አለ» ይባላል። ሳያለቅስ ቀና ብሎ ከቆመ ደግሞ «አልተጸጸተም፣ ልበ ደንዳና ነው»። ታዲያ እንዴት ይቁም?

እኛ ያደግነው ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር በሆነበት ቤት ነው። መከራ ሲመጣ ሰብር እንድናደርግ፣ ከሙሾና ደረት ከመድቃት እንድንርቅ ዲናችን ያዘናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፤ ዋይታን ግን ከልክለዋል። ሐዘን ካልጮኸ ሐዘን በማይመስልበት አካባቢ ያደገ ዳኛ ይህን ዝምታ እንደ ድንጋይነት ቢያየው አይገርመንም። (የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው የሚለውን አባባል ግን እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል።) የሚያስቆጣን በዚህ ግምት የእስር ዓመት ሲቆጠር ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትን የቅጣት ማቅለያ አድርጎታል። የሚጠቅሰው ግን ተግባርን ነው፦ ተጎጂን መርዳት፣ ጥፋትን ማመን፣ እጅን መስጠት። እንባ የሚል የለበትም። ደግሞስ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንጹህ ሆኖ የመገመት መብት የሰጠው፣ እስከ መጨረሻው «አላጠፋሁም» ብሎ የተከራከረ ሰው በምኑ ይጸጸት?

ዳኞች የተከሳሹን ፊት ከቆጠሩበት በፍርዱ ላይ ይጻፉልን፤ ምን አዩ? ምን ብለው ተረጎሙት? በቅጣቱስ ላይ ስንት ዓመት ጨመረ? ያልተጻፈውን ይግባኝ ሰሚው ችሎት ሊመረምረው አይችልም። ጠበቆችም ይህ በመዝገቡ እንዲሰፍር እዚያው ችሎቱ ፊት ያመልክቱ።