ገዛችሁት ወይስ ተሰጣችሁ?

በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ፍልስፍናም ስለ አገር ጉዳይም ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ዝቅ ያለ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም አገልግሎት ሰጥቶ፣ ታድሶ፣ በቴሌግራም ስለሚሸጥ የኮምፒውተር ሞኒተር ነው። ይህን ስንል የሚስቅብን አይጠፋም። «የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ሞኒተር ምን አገባው?» የሚለንም ይኖራል። እርሱንም ቢሆን ስቆ ሲጨርስ እስከ መጨረሻው እንዲያነበን እንለምነዋለን። በነገሩ ውስጥ የብዙዎቻችን ኪስ አለበት፤ ከኪሳችንም በላይ የታናናሾቻችን ዕድል አለበት።

እኛ ይህን የምንጽፈው ተማሪዎች ያደግነው ፑኝዶ ነው። ፑኝዶን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ በአቦቦ በኩል ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በጊሎ ወንዝ አካባቢ የሚያገኛት ከተማ ናት። ስሟ ሲነሣ ሁልጊዜ አብሮ የሚነሣው የስደተኞች መጠለያዋ ነው። ከ1980 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ እጅግ ብዙ ልጆች ወላጅ ሳይከተላቸው መጥተው በዚያ ተጠልለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. የአገራችን መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ሲሸሹ፣ የጊሎ ወንዝ የወሰዳቸው ጥቂት አልነበሩም። መጠለያው በ1985 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። እንግዲህ እኛ ያደግነው የተረፈና የተለገሰ ዕቃ እያየን ነው፤ ድንኳኑ፣ ጀሪካኑ፣ የዘይቱ ቆርቆሮ፣ የማናውቀው አገር ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ሰልባጅ ካናቴራ ለዐይናችን አዲስ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለታናናሾቻችን አንዲት የማንበቢያ ክፍል ለማዘጋጀት ተነሣን። ክፍሏን አንድ አባት ከቤታቸው ከፍለው ሰጡን። ከዚህም ከዚያም ለምነን ስድስት አሮጌ ሲስተም ዩኒት አገኘን፤ የጎደለው ሞኒተር ብቻ ነበር። ከኪስ ገንዘባችን አዋጣን። በቴሌግራም ስናፈላልግ «ታድሶ የመጣ፣ ከአዲስ የማይለይ» የሚል ማስታወቂያ ከሚያምር ፎቶግራፍ ጋር አየን። ሻጩ ያለው አዲስ አበባ፣ እኛ ያለነው ጋምቤላ፤ በመካከላችን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። «ገንዘቡን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ በነጋታው በመኪና እልካለሁ» አለን። አስገባን።

ዕቃው መምጣቱን አንክድም። ነገር ግን ከስድስቱ ሁለቱ ጨርሶ አልበሩም። ሦስተኛው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወርዶበታል። የሁሉም መሰኪያ ከግድግዳችን ሶኬት ጋር የማይገጥም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ያየነው ሞኒተርና በካርቶኑ ውስጥ የመጣው ሞኒተር ወንድማማች እንኳ አይመስሉም። ለሻጩ ጻፍንለት። መልእክታችንን ማየቱን ሁለቱ ምልክቶች መሰከሩ፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኛ ሆነ።

የክፍሏ ባለቤት የሆኑት አባት ሦስቱን የማይሠሩ ሞኒተሮች አገላብጠው ካዩ በኋላ በአኙዋክኛ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ይህን ገዛችሁት ወይስ ተሰጣችሁ?»

«ገዛነው» አልን።

«ከተገዛማ ለምን አልመለሳችሁትም?»

መልስ አልነበረንም። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታችን ነው።

የእኚህ አባት ጥያቄ ትልቅ ልዩነት በውስጡ ይዟል። የተሰጠው ሰው አፍ የለውም፤ ካናቴራው ቢጠበው ያመሰግናል፤ ድንኳኑ ቢያፈስስም ያመሰግናል። የገዛ ሰው ግን አፍ አለው። ያያል፣ ይመርጣል፣ ይከራከራል፣ ይመልሳል። እኛ ግን ገንዘባችንን ከፍለን ስናበቃ እንደተሰጠው ሰው ዝም አልን። ከመጠለያው አጠገብ ስናድግ የተማርነውን የተቀባይነት ልማድ ወደ ገበያ ይዘነው ገባን ማለት ነው። ይህ ልማድ ደግሞ በፑኝዶ ልጆች ላይ ብቻ ያለ አይመስለንም። ስንቶቻችን ነን በስልክ የገዛነው ጫማ ጠብቦን፣ የገዛነው ቻርጀር በሳምንቱ ተቃጥሎ «ምን ይደረጋል» ብለን የተውነው?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ግን ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። «ጥፋታችሁ ከመነሻው ነው፤ የሌላው አገር መሥሪያ ቤት የጣለውን ለታናናሾቻችሁ ማቅረብ ውርደት ነው» ይሉናል። ይህ አስተያየት ከቅን ልብ የመጣ ስለሆነ አንንቀውም። በተባበሩት መንግሥታት የሚወጣው ጥናት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተፈጥሯል፤ ከዚህ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው። የቀረው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ በጋና፣ አክራ ከተማ የሚገኘውን አግቦግብሎሺ ለብዙ ዓመታት ያስጠራውን የገመድና የፕላስቲክ ጭስ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈረመው የባዝል ስምምነት የወጣውም አደገኛ ውዳቂ ከሀብታም አገር ወደ ድኻ አገር እንዳይጫን ነው። ስለዚህ ሥጋቱ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ አገልግሎት የሰጠ ዕቃ ሁሉ ውዳቂ አይደለም። ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች ሞኒተራቸውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጅምላ የሚለውጡት ስለተበላሸ ሳይሆን ጊዜው ደረሰ ብለው ነው። በደንብ የተሠራ ሞኒተር ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ዕቃ መጣል አናውቅም፤ በየሰፈራችን «ቆራሌው!» እና «ልዋጭ!» የሚለው ጥሪ የዚህ ምስክር ነው። ውርደቱ ያለው ዕቃው ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ዘንድ በመኖሩ አይደለም፤ የማይሠራውን ይሠራል ተብሎ መቀበል ላይ ነው።

ሌሎች ደግሞ «አዲስ ግዙ» ይሉናል። በምን ገንዘብ? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አብሮ መውጣቱን ለተማሪ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። «ስልክ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ስልክ መልእክት ለመለዋወጥ ይበቃል። ሆኖም በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም.ም ቀጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በወረቀት ሲሰጥ እንኳ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ በፈተናው ቀን ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት ከመሣሪያው ጋር ሲታገል ሰዓቱ ያልቅበታል። ለእኛ ሞኒተር ጌጥ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ መግዛታችን የግድ ከሆነ፣ እንደ ገዢ እንግዛ። ከደረሰብን ጉዳት በኋላ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ተመላልሰን የተማርነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ «ታድሷል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለአንዱ ሻጭ ማደስ ማለት ከፍቶ ያበጠውን ካፓሲተር መለወጥና ለሰዓታት አብርቶ መፈተን ነው፤ ለሌላው በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ነው። ስለዚህ «ምኑ ታደሰ? ማን አደሰው? ስንት ወር ዋስትና አለው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ በግልጽ ይነሣና ፎቶግራፉ ይላክልን፤ የተሠራበት ዓመት ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል፤ የሚቀበለውም ኤሌክትሪክ ከ100 እስከ 240 ቮልት መሆኑ ይታያል። ሦስተኛ፣ የድሮዎቹ ጠፍጣፋ ሞኒተሮች ከኋላ የሚያበራላቸው ትንንሽ የፍሎረሰንት መብራት ነው፤ መብራቱ ሲያረጅ ይደበዝዛል፣ በውስጡም ጥቂት ሜርኩሪ አለበት። በኋላ የመጡት በኤልኢዲ ስለሚበሩ የተሻሉ ናቸው፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባሉ። አራተኛ፣ ሻጩ ሞኒተሩን አብርቶ በነጭ፣ በጥቁር፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ገጽ በቪዲዮ ያሳየን፤ የሞተ ነጥብና መስመር የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ይቆይ፤ አንዳንዱ ችግር የሚታየው ዕቃው ሲሞቅ ነው፤ የጋምቤላን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። አምስተኛ፣ ከኮምፒውተራችን ጋር የሚያገናኘው መሰኪያ ቪጂኤ ይሁን ኤችዲኤምአይ አስቀድመን እንወቅ።

ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ዕቃው ከመታየቱ በፊት አይከፈል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክ የደቂቃ ጉዳይ ሆኗል፤ የተላከውን ማስመለስ ግን የደቂቃ ጉዳይ አልሆነም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነውን መልቀም እንኳ አልቻልንም።

ሕግም አለልን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ የመልእክት ልውውጥ ሕጋዊ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል። እኛ ግን ደረሰኝ አልጠየቅንም፤ የሻጩን ሙሉ ስምና አድራሻ አልያዝንም፤ 15ቱንም ቀን በመናደድ አሳለፍናቸው። መብት እንዳለው የማያውቅ ሰው መብት ከሌለው በምን ይለያል?

ሦስቱ የማይሠሩት ሞኒተሮች አሁንም በዚያች ክፍል ጥግ ተደርድረዋል። ወዴት እንውሰዳቸው? ሜዳ ላይ ብንጥላቸው ሕፃናት ሰብረው ይጫወቱባቸዋል። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አያያዝ በ2010 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል፤ ከፑኝዶ ሆኖ ግን ደንቡን የሚያስፈጽም ማዕከል ማግኘት ሩቅ ነው። ስለዚህ ማንም የፑኝዶም ሆነ የሌላ ገጠር ልጅ ወደ አገሩ ያልተፈተነ ዕቃ ሲልክ፣ ከዕቃው ጋር ቆሻሻውንም እየላከ መሆኑን ይወቅ።

ከዚህ በመነሣት ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለትውልድ ቦታቸው ዕቃ የሚገዙ ተማሪዎችን የሚረዳ ሦስት ሰው ያለበት ትንሽ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ከሦስቱ አንዱ የኮምፒውተር ወይም የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተል ይሁን። ሁለተኛ፣ በአዲስ አበባ ከሚማሩ ጓደኞቻችን ጋር ተስማምተን፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት በዐይናቸው አይተው፣ አብርተው፣ ደረሰኝ ተቀብለው እንዲከፍሉልን ይደረግ። ሦስተኛ፣ የተዋጣው ገንዘብና የተገዛው ዕቃ ሒሳብ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የእኛን የስድስቱን ሞኒተሮች ሒሳብ፣ ጥፋታችንን ሳንደብቅ፣ ቀድመን የምንለጥፈው እኛ ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንድ ተማሪ ብቻውን ሲታለል ንዴት ነው፤ አንድ ማኅበር ሲጠይቅ ግን ሻጩም መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

የቀሩት ሦስት ሞኒተሮች ይሠራሉ። መሰኪያቸውን አስለወጥን፤ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ልጆች በፊታቸው ተደርድረው ይጽፋሉ፤ ተራ ለመያዝም ይጋፋሉ። እኛም በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች ሦስት ይዘን ለመመለስ እያዋጣን ነው። ያን ጊዜ እኚያ አባት «ገዛችሁት ወይስ ተሰጣችሁ?» ብለው ቢጠይቁን «ገዛነው፤ አይተን ገዛነው» ብለን ለመመለስ እንፈልጋለን።