አውሎ ነፋሱ የተፈጥሮ ነው፤ እልቂቱስ የማን ነው?

የበዝባዡ ሥርዓት ጠበቆች አደጋ በደረሰ ቁጥር ተሽቀዳድመው የሚያነሡት አንድ ቃል አለ፤ «የተፈጥሮ አደጋ» የሚል። ነፋስ ጣራ ሲገለብጥ፣ ማዕበል መንደር ሲውጥ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተፈጥሮ ላይ አላክከው እጃቸውን ይታጠባሉ። ነፋስ ሀብታምና ድኻ አይለይም የሚለው አባባላቸውም ለጆሮ ይጥማል። በእርግጥም ነፋሱ አይለይም። ዳሩ ግን ነፋሱ ሲደርስ ማንን የት ቆሞ እንደሚያገኘው የሚወስነው ነፋሱ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ማን ነው? ሰምቶስ ለመንቀሳቀስ ነጻነት ያለው ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶርኔዶ የሚባለው አውሎ ነፋስ ከነጎድጓዳማ ደመና ሥር እንደ ዝሆን ኩምቢ ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በኃይል የሚሽከረከር ነፋስ ነው። በመካከለኛው አሜሪካ ሜዳ ላይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከምዕራብና ከሰሜን ከሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ፣ በዚያ ላይ የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ ከምድር ወደ ላይ ሲኬድ የሚለዋወጥ ሲሆን፣ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ዩናይትድ ስቴትስ በዓመት 1,200 ያህል ቶርኔዶ ታያለች። አብዛኛው ደካማና ቶሎ የሚከስም ነው፤ ብርቱው ግን በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚከንፍ ነፋስ የጡብ ግንብ ይንዳል። ቶርኔዶው የሚወርድበትን ቦታ ለይቶ ለማስጠንቀቅ የሚገኘው ጊዜ ከ10 ደቂቃ እምብዛም አይርቅም። ዕለቱ አደገኛ እንደሚሆን ግን ባለሙያዎቹ ከአንድ ቀን በፊትም መናገር ይችላሉ። ይህን ልዩነት አንባቢያችን ልብ ይበል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሕዝብ የፈጀው ቶርኔዶ መጋቢት 18 ቀን 1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን አቋርጦ 352 ኪሎ ሜትር የተጓዘው ነው። 695 ሰዎች ሞቱ። መርፊስቦሮ በተባለችው የኢሊኖይ ከተማ ብቻ 234 ሰዎች አለቁ። በዌስት ፍራንክፈርት በመቶዎች የሚቆጠሩ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በዚያች ሰዓት ከመሬት በታች ነበሩ። ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸው በጠባቡ የማምለጫ ጉድጓድ እየተንጠላጠሉ ሲወጡ፣ በደህና ቀን እንኳ ለሕይወታቸው የሚያሰጋቸው ጉድጓድ ያን ዕለት ደጋግ መሸሸጊያ ሆኖላቸው ተገኘ፤ ከላይ በእንጨት ቤት የቀሩት ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ግን ሞተው ቆዩአቸው። ማንም አላስጠነቀቃቸውም ነበር። ማስጠንቀቅም አይፈቀድም ነበር! ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1938 ድረስ የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል በትንበያው ውስጥ እንዳይጠቀም ታግዶ ኖሯል። የተሰጠው ምክንያት ሕዝቡ ይደናገጣል የሚል ነው። ሕዝብን እንደ ሕፃን የሚቆጥር ቢሮክራሲ ሁልጊዜ የሚያቀርበው ምክንያት ይኸው ነው።

ታዲያ የመጀመሪያው የተሳካ የቶርኔዶ ትንበያ መቼና ለማን ተሰጠ? መጋቢት 20 ቀን 1948 በኦክላሆማ የሚገኘውን የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር አንድ ቶርኔዶ መትቶ በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር የሚገመት ንብረት አወደመ። ከአምስት ቀን በኋላ የሰፈሩ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ሻለቃ ፎቡሽና ሻምበል ሚለር ተመሳሳይ ሁኔታ አይተው ዳግመኛ ይመጣል ሲሉ ተነበዩ፤ መጣም። አውሮፕላኖቹ አስቀድመው ተጠብቀው ስለነበር ብዙው ንብረት ዳነ። ሲቪሉ መሥሪያ ቤት ለሰፊው ሕዝብ ትንበያ ማውጣት የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ በ1952 ነው። የጦር አውሮፕላኑ ከማዕድን ሠራተኛው ልጅ ቀድሞ ማስጠንቀቂያ አገኘ ማለት ነው። ሁለቱ መኮንኖች ለሳይንስ የዋሉትን ውለታ አንክድም፤ ዕውቀቱን ቀድሞ ለራሱ ያዋለው ማን እንደሆነ ግን መዘንጋት የለበትም።

ዛሬ ማስጠንቀቂያው ለሁሉም ይነገራል። ችግሩ ግን አልተፈታም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2021 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት ሜይፊልድ በተባለች ከተማ የሆነውን እንመልከት። ዕለቱ አደገኛ እንደሚሆን ቀደም ብሎ ተተንብዮ ነበር። ለገና ገበያ የሚሸጥ ሻማ በሚያመርተው ፋብሪካ ውስጥ 110 ያህል ሠራተኞች የማታ ፈረቃ ላይ ነበሩ። የአደጋው ሳይረን ገና ከምሽቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጮኾ ነበር። ቶርኔዶው የደረሰው ሰዓታት ካለፉ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፍርስራሹ የተረፉ አንዳንድ ሠራተኞች ወደ ቤታችን እንሂድ ብለን ስንጠይቅ ከሥራ ትባረራላችሁ ተባልን ሲሉ ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ድርጅቱ ይህን አስተባብሏል። የዚያን ሌሊቱን ንግግር እኛ አልሰማንም። የምናውቀው ግን ፋብሪካው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ሲሠራ እንደነበረና ከ8 የማያንሱ ሠራተኞች ከሥሩ ሞተው እንደወጡ ነው። ያ ቶርኔዶ 266 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጠቅላላው 57 ሰዎች ገድሏል። የክፍለ ግዛቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በኋላ ባደረገው ምርመራ በድርጅቱ ላይ 7 ጥፋቶች አግኝቶ የ40,000 ዶላር ቅጣት ጣለ። ለሟቾቹ ሲካፈል በአንድ ነፍስ ከ5,000 ዶላር አይበልጥም። ይህን ስሌት እኛ ነን የሠራነው፤ የሥርዓቱ ሒሳብ ሹሞች እንዲህ ያለ ማካፈል አይወዱም።

በዚያው ሌሊት በኢሊኖይ፣ በኤድዋርድስቪል ከተማ፣ አንድ ሌላ ቶርኔዶ የአማዞንን የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን መትቶ 6 ሠራተኞች ሞቱ። ከስድስቱ አብዛኞቹ በድርጅቱ ደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለ፣ በተቋራጮች በኩል የተቀጠሩ የማመላለሻ ሾፌሮች ነበሩ። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የምክር ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩን ያለ ቅጣት ዘጋው።

የመንገደኛው ዕጣም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሚያዝያ 10 ቀን 1979 በቴክሳስ የዊቺታ ፎልስን ከተማ ቶርኔዶ በመታ ጊዜ ከሞቱት 42 ሰዎች 25ቱ በመኪና የነበሩ ናቸው። ብዙዎቹ ሊያመልጡ ብለው ነበር መሪ የጨበጡት፤ ጥለውት ከወጡት ቤት ብዙው ግን ሳይጎዳ ቆሞ ቆየ። በ2013 በኦክላሆማ፣ ኤል ሪኖ አካባቢ፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቶርኔዶ ሲወርድ መንገዱ በሚሸሹ መኪናዎች ታጭቆ ነበር፤ ነፋሱ የገደላቸው ስምንቱም በመኪና ውስጥ ነበሩ። በድልድይ ሥር መጠለል ያድናል የሚለው ወሬም ሰው አስፈጅቷል፤ ግንቦት 3 ቀን 1999 በዚያው ክፍለ ግዛት በሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር የተጠለሉ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ ምክንያቱም ጠባቡ ቦታ ነፋሱን ያጠነክረዋል እንጂ አያበርደውም። ሰው ለምን ወደ መኪናው ይሮጣል? በአቅራቢያው የሚያውቀው የጋራ መጠለያ ስለሌለው፣ እያንዳንዱም ራሱን ብቻ እንዲያድን ስለተማረ ነው። በአሜሪካ በቶርኔዶ ቤታቸው ውስጥ ከሚሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከመሠረት ጋር በወጉ ባልታሰሩ ተጎታች ቤቶች የሚኖሩ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ነዋሪ ማን እንደሆነ ለወዛደር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ፊታችንን ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ እንመልስ። ኅዳር 12 ቀን 1970 በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል የነበረውን ምድር የመታው ሳይክሎን ከ300,000 እስከ 500,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። ሳይክሎን እንደ ቶርኔዶ በደቂቃ የሚፈጠር አይደለም፤ ቀናት ቀድሞ ይታያል። ያንንም ሳተላይት አይቶት፣ ራዲዮም ተናግሮለት ነበር። ነገር ግን በዝቅተኛው ደሴት ላይ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ወዴት ይሽሽ? ከፍ ያለ ቦታ የለም፤ የድንጋይ ቤት የለም፤ መጥቶ በሩን የሚያንኳኳም የለም። የማዕከላዊው መንግሥት ቸልተኝነት የሕዝቡን ቁጣ ቀስቅሶ በማግሥቱ ዓመት ባንግላዴሽ ለተባለችው አገር መወለድ አንዱ ምክንያት ሆነ። አዲሲቱ አገር ከወሰደቻቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ በ1972 ከቀይ መስቀል ጋር ሆና የሳይክሎን ዝግጅት ፕሮግራም ማቋቋም ነበር። ከየመንደሩ የተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች በእጅ የሚዞር ሳይረን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ብስክሌትና ባንዲራ ተሰጣቸው፤ አደጋው ከፍ ሲል አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ባንዲራ ይሰቅላሉ። ማንበብ ለማይችለውም የሚገባ ቋንቋ ነው።

ድሉ በአንድ ቀን አልተገኘም። በ1991 መጠለያው ገና ጥቂት ስለነበር 138,000 ያህል ሕዝብ አለቀ። ከዚያ በኋላ በአዕማድ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ፣ በደኅና ጊዜ ትምህርት ቤት የሚሆኑ የሲሚንቶ መጠለያዎች በብዛት ተሠሩ። በ2007 የሟቹ ቁጥር ከ3,000 በላይ ሲሆን፣ በ2020 አምፋን የተባለው ብርቱ ሳይክሎን በመጣ ጊዜ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተነሥቶ በአገሪቱ የሞተው ከ30 በታች ነው። ዛሬ በጎ ፈቃደኞቹ ከ70,000 በላይ ናቸው። እንግዲህ ይህን ያደረገችው ባለጸጋ አገር አይደለችም።

ኩባም ሌላ ምስክር ናት። በ1963 ፍሎራ የተባለው ሀሪኬን 1,700 ያህል ሕዝብ ከገደለባት በኋላ ሲቪል መከላከያዋን በሰፈር ደረጃ አደራጀች። በ1960 የተመሠረቱት የአብዮት መከላከያ ኮሚቴዎች በየቤቱ ማን አልጋ እንደያዘ፣ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ጣራ እንደላላ ያውቃሉ። በ2004 ኢቫን ሲመጣ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቦታው ተነሥቶ አንድም ሰው አልሞተም። ሁሉም ነገር የተሟላ ነበር አንልም፤ በተከታዩ ዓመት ዴኒስ 16 ሰዎች ገድሏል፤ የሐቫና አሮጌ ቤቶችም ያለ ማዕበል የሚፈርሱ ናቸው። ቢሆንም የሰፈር መዝገብ ከዶላር የበለጠ ነፍስ ያዳነበትን አጋጣሚ እዚህ ላይ እናያለን።

መደራጀት ብቻውን ግን ሳይንስን አይተካም። ሚያዝያ 26 ቀን 1989 በዚያችው ባንግላዴሽ ዳውላትፑርንና ሳቱሪያን ያጠፋው ቶርኔዶ 1,300 ያህል ሰዎች ገድሏል፤ ለሳይክሎን የተዘጋጀው ባንዲራ በደቂቃዎች ለሚደርስ ነፋስ አይደርስምና። ሳይንሱ ያላቸው ደግሞ ሲንቁት እናያለን፤ በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ብሎ ከአየር ትንበያ አገልግሎቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች እንዲለቁ አድርጓል።

አገራችን የቶርኔዶ ምድር አይደለችም። ሆኖም በ2006 ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ከእንቅልፋቸው ወስዷል፤ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ከደጋው ነበር። በየሰፈሩ እድር አለን፤ መዝገብ፣ ድንኳንና ጥሩምባ ያለው፣ አባሉን በስም የሚያውቅ። ጥሩምባው ግን የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። የየሰፈሩ ማኅበር በመጪው ስብሰባው ሦስት ጥያቄ በአጀንዳው ቢያስገባ እንወዳለን፦ ጎርፍ በሌሊት ቢመጣ ጥሩምባውን ቀድሞ የሚነፋው ማን ነው? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው? ራሳቸው መራመድ የማይችሉትን አባላት የሚሸከሙትስ እነማን ናቸው? በየፋብሪካው ያለ የሠራተኛ ማኅበርም ከኅብረት ስምምነቱ ላይ አንዲት አንቀጽ ይፈልግ፤ የአደጋ ምልክት ሲሰጥ ማሽኑን አቁሞ የወጣ ሠራተኛ እንዳይባረር፣ ደመወዙም እንዳይቆረጥ የምታረጋግጥ። ከሌለች በሚቀጥለው ድርድር ትጻፍ።